ንጉሥ የማይሾመው ሹም

ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲነግሡ፣ ቅብዐ መንግሥቱን የቀቧቸው አቡነ ማቴዎስ ግብፃዊ ነበሩ። ይህ በዘመኑ ለማንም እንግዳ ነገር አልነበረም። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ፣ ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ የሚሾመው በእስክንድርያ መንበር ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ከሾላ ገበያ ቀና ሲሉ በሚታየው የእንጦጦ ሰንሰለት ላይ የተፈጸመው ሥርዓት የአንድ ረጅም ተቋማዊ ታሪክ የመጨረሻው ታላቅ ምዕራፍ መክፈቻ ነው ማለት ይቻላል። ክርስትና በአገራችን ፖለቲካ ላይ ስላሳደረው ተጽዕኖ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት የሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት ትርክት፣ ክብረ ነገሥትና የጉልት መሬት ናቸው። እነዚህ ሁሉ ክብደት አላቸው። ነገር ግን ንጉሡ ሊያደርገው የማይችለውን ነገር ማድረግ የሚችለው ባለሥልጣን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጳጳሱ ነው። የጵጵስናው መንበር በመንግሥት ላይ የነበረው እውነተኛ ጉልበት የመጣው ንጉሡ ጳጳሱን መሾም ስለማይችል ነው፤ ሹመቱ በቤተ መንግሥት እጅ በገባ ጊዜ ክብሩ ጨመረ፣ ጉልበቱ ግን ቀነሰ። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ይኸው ነው።

ነገሩ እንዴት ይሠራ እንደነበር በመጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል። በፍትሐ ነገሥት ውስጥ የገባውና ለኒቅያ ጉባኤ የተሰጠው ቀኖና ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት መካከል ጳጳስ እንዳይሾሙ ይከለክላል። ቀኖናው በእርግጥ ከኒቅያ ጉባኤ የወጣ እንዳልሆነ ሊቃውንት ተስማምተውበታል፤ ቢሆንም ለዘመናት እንደ ሕግ ሠርቷል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ንጉሥ የጳጳሳቱ ቁጥር እንዲጨመር ሲጠይቅ እስክንድርያ እምቢ ያለችው፣ ቁጥራቸው ከበዛ ሊቀ ጳጳሳቸውን ራሳቸው ይሾማሉ ብላ በመስጋት ነበር። ስለዚህ ጳጳስ በሞተ ቁጥር መልእክተኛ ከእጅ መንሻ ጋር ወደ ካይሮ መላክ፣ የግብፅን ገዥ ፈቃድ መለመን፣ ከዚያም አንዳንዴ ለዓመታት መጠበቅ ግድ ነበር። በዚያ መካከል ቄስና ዲያቆን የሚክን፣ ታቦት የሚባርክ አይኖርም። አዲስ ካህናት ካልተካኑ ደግሞ አጥቢያዎች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ንጉሡ ወርቅ፣ ሠራዊትና መሬት ቢኖረውም ለዚህ ችግር መፍትሔ አልነበረውም። ከክህነት በተጨማሪ ጳጳሱ ሦስት ፖለቲካዊ መሣሪያዎች ነበሩት፤ ንጉሥ ይቀባል፣ ያወግዛል፣ ሕዝቡንም ለንጉሥ ከገባው መሐላ ይፈታል። የመጨረሻው ከሁሉም የከበደ ነበር፤ መንግሥቱ ራሱ በመሐላ የቆመ ነበርና።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ግብፃዊው ጳጳስ ቋንቋችንን በቅጡ አያውቅም ነበር፤ አገሩም ሆነ ልማዱ እንግዳ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኒቱን አስተዳደር፣ ገዳማቱንና ሀብቱን የያዘው የደብረ ሊባኖስ አበምኔት እጨጌው ነበር፤ ታዲያ እውነተኛው ሥልጣን የእጨጌውና የመነኮሳቱ አልነበረም ወይ? የመነኮሳቱ ድፍረት የሚካድ አይደለም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ በጸሎተ ሚካኤልና አባ ፊልጶስ ዘደብረ ሊባኖስ ነገሥታቱን በጋብቻቸው ምክንያት ፊት ለፊት ገሥጸው ተገርፈዋል፣ ተሰደዋል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በ1442 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የሰንበትን ጉዳይ የፈቱት የኤዎስጣቴዎስን ደቀ መዛሙርት ጽናት አይተው ነው። ነገር ግን መነኩሴው ገሥጾ ሲያበቃ የሚደርስበት ግርፋትና ስደት ነው። እጨጌው አገር በቀል ስለሆነ ንጉሡ ሊሽረውና በሌላ ሊተካው ይችላል፤ ርስቱም ከንጉሡ የመጣ ነው። ጳጳሱ ግን ቢታሰር እንኳ ምትኩ የለም። ለዚህ ነው እጨጌው በየቀኑ አስተዳደር ቢበልጥም፣ መንግሥት በሚናወጥበት ቀን ሁሉም ፊቱን ወደ ግብፃዊው የሚያዞረው።

የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህን በደም ጽፎታል። ዐፄ ዘድንግል ወደ ካቶሊክ እምነት ማዘንበላቸው ሲሰማ፣ አቡነ ጴጥሮስ ሠራዊቱን ከመሐላ ፈቱት፤ ንጉሡም በ1597 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ወደቁ። አቡኑ ራሳቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከዐፄ ያዕቆብ ጋር ተሰልፈው ሱስንዮስ ባሸነፉበት ጦርነት ሞቱ። ተተኪው አቡነ ስምዖንም ሱስንዮስን ተቃውመው በ1609 ዓ.ም. በዐመፀኞቹ መካከል ተገደሉ። ሁለት ጳጳሳት በዐሥር ዓመት ውስጥ በጦርነት ሲሞቱ ማየት፣ ጵጵስና ምን ያህል የመንግሥት ጉዳይ እንደነበር በቂ ምስክር ነው። ሱስንዮስ ጳጳሱን ገደሉ፣ የካቶሊክ ፓትርያርክ አስመጡ፣ ሕዝቡን በአዲሱ ሥርዓት ለማስጠመቅ ሞከሩ፤ መጨረሻው ግን የማያባራ የእርስ በርስ ጦርነትና በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ መልቀቅ ሆነ። ጳጳሱን በጦር ማሸነፍ የሚቻል ነበር፤ ጳጳሱ የቆመበትን መሐላ ማሸነፍ ግን አልተቻለም።

ዘመነ መሳፍንት ሲያከትም ይኸው ትምህርት ተደገመ። አቡነ ሰላማን በ1834 ዓ.ም. ከግብፅ ያስመጡት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ፤ ሊነግሡበትም ያሰቡትን ደረስጌ ማርያምን በስሜን አሠርተው ነበር። ቋረኛው ካሣ ኃይሉ ግን በ1846 ዓ.ም. አቡኑን ወደ ራሳቸው ወገን አመጡ፤ በምላሹም በጎንደር የአቡኑን የሃይማኖት ትምህርት አወጁ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤን ድል አድርገው፣ ውቤ በሠሯት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአቡነ ሰላማ እጅ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በዚህ ስምምነት ሁለቱም ተጠቅመው ነበር። ችግሩ የመጣው ንጉሡ ሠራዊቱን የሚቀልቡበት መሬት ሲያጥራቸው ነው። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው መሬት ለመንግሥት ይሁን አሉ። ይህ በአገራችን ታሪክ የቤተ ክርስቲያንን ሀብት የመንግሥት ፖሊሲ ጥያቄ ያደረገ የመጀመሪያው ግልጽ ሙከራ ነው፤ በእኔ ፍርድ ቴዎድሮስ ችግሩን በትክክል ተረድተውታል። አቡነ ሰላማ ግን መቅደላ ታስረው በጥቅምት 1860 ዓ.ም. በእስር ሞቱ። በጥቂት ወራት ውስጥ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲደርስ ንጉሡ አገሩ ከድቷቸው ነበር። ክህደቱን የመሬቱና የአቡኑ ጉዳይ ብቻውን አመጣው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ካህናቱ ለዐመፀኛው ሁሉ ምክንያት ሰጥተውታል።

ቀጥሎ የመጣው ውድድር ደግሞ ሌላ ተቃውሞ ያስነሣል። ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሲነግሡ በአገሩ ውስጥ ጳጳስ አልነበረም። የትግሬው ደጃዝማች ካሣ ግን ገንዘብ ልከው በ1861 ዓ.ም. አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ፤ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አደዋ አጠገብ ተክለ ጊዮርጊስን ድል አደረጉ፣ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሆነው ተቀቡ። ድሉን ያመጣው የእንግሊዝ ጦር ትቶት የሄደው መሣሪያ ነው እንጂ አቡኑ አይደለም የሚል ሰው እውነት አለው፤ ተክለ ጊዮርጊስ በሠራዊት ብዛት በልጠው ሳለ የተሸነፉት በመድፍና በጠመንጃ ነው። ሆኖም ሁለቱም ተፎካካሪዎች ስለ ጳጳስ መጨነቃቸውን፣ ካሣም ጠመንጃውን ይዘው ሳለ ለጵጵስናው ብዙ ገንዘብ ማውጣታቸውን ማስተዋል ያስፈልጋል። መሣሪያ ጦርነት ያሸንፋል፤ አሸናፊውን ንጉሠ ነገሥት የሚያደርገው ግን ቅብዐቱ ነው። ይህ የዘመኑ ሰዎች ራሳቸው የያዙት ስሌት ነበር።

ዐፄ ዮሐንስ ይህን ጉልበት ለሃይማኖት አንድነት ፖሊሲ አዋሉት። በግንቦት 1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የቤተ ክርስቲያኒቱን የረጅም ዘመን የነገረ መለኮት ክርክር በተዋሕዶ አሸናፊነት ዘጉ፤ በዚያው የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ዐወጁ። የወሎው ገዥ መሐመድ አሊ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ፤ ብዙዎች ግን ተገደዱ፣ ተሰደዱ፣ ሞቱም። ክርስትና በፖለቲካችን ላይ ስላሳደረው ተጽዕኖ የሚጻፍ ማንኛውም ታሪክ ይህን ግፍ ደብቆ ማለፍ የለበትም። የንጉሡ ትእዛዝ በሰው እምነት ላይ ሲነሣ የደረሰውን ጉዳት ወሎ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ዐፄ ዮሐንስ ከዚያም ሳይሆን የማይቀር የመሰለውን ነገር አደረጉ፤ በአንድ ጳጳስ ፈንታ አራት ጠየቁ። በ1874 ዓ.ም. ገደማ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሉቃስ፣ አቡነ ማቴዎስና አቡነ ማርቆስ መጡ። አቡነ ሉቃስ ወደ ጎጃም፣ አቡነ ማቴዎስ ወደ ሸዋ ሄዱ። ይህ ሲሆን ለዘመናት በአንድ እጅ የነበረው የመቀባት ሥልጣን በየክፍለ ሀገሩ ተበተነ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዮሐንስ መተማ ላይ ሲወድቁ የበላዩ ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ ነበሩ፤ ምኒልክ ግን እሳቸውን መጠበቅ አላስፈለጋቸውም፤ አቡነ ማቴዎስ በአጠገባቸው ነበሩ። የእንጦጦው ንግሥ ከዚህ የተወለደ ነው።

አቡነ ማቴዎስ ከዚያ በኋላ ከ35 ዓመት በላይ በመንበሩ ላይ ቆዩ፤ ምኒልክን፣ ልጅ ኢያሱንና ዘውዲቱን አዩ። የተቋሙ ተጽዕኖ በሕዝብ ፖሊሲ ላይ ከሁሉ ይልቅ በግልጽ የሚታየውም በእሳቸው ዘመን ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ የአውሮፓ መምህራን ሃይማኖት ይበርዛሉ የሚለው ሥጋት ከአቡኑ ዘንድ ተነሣ፤ መፍትሔውም መምህራኑን ከግብፅ ቅብጦች ማምጣት ሆነ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በእነዚህ መምህራን ጀመረ። የአገሪቱ የመጀመሪያ መንግሥታዊ ትምህርት ቤት ማን ያስተምርበት የሚለው ጥያቄ በጵጵስናው ፈቃድ ተወሰነ ማለት ነው። ከዚያ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ልጅ ኢያሱን በእስልምና ከስሰው ከዙፋን ሊያወርዱ ሲሰበሰቡ፣ ሁሉም የጠበቁት የአቡኑን ቃል ነበር። አቡኑ ወዲያው አልፈቀዱም፤ አመነቱ። ማመንታታቸው ራሱ የመንበሩን ክብደት ያሳያል። ክሱ እውነት ነበር አልነበረም የሚለው እስከ ዛሬ የታሪክ ሰዎችን ያከራክራል፤ እኔም በብዛት የፖለቲካ ክስ እንደነበር አምናለሁ። ቢሆንም መኳንንቱ ጦሩ በእጃቸው ሳለ፣ ሕዝቡን ከመሐላ ፈትቶ ነጻ የሚያወጣቸው አንድ ሰው ብቻ እንደነበር ያውቁ ነበር።

አቡነ ማቴዎስ በ1919 ዓ.ም. ሲያርፉ ራስ ተፈሪ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ይሾሙ የሚለውን የረጅም ዘመን ጥያቄ ለእስክንድርያ አቀረቡ። ከድርድሩ በኋላ በ1921 ዓ.ም. ግብፃዊው አቡነ ቄርሎስ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ሲመጡ፣ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ተሾሙ፤ ትንሽ ቆይቶም እጨጌው አቡነ ሳዊሮስ ተብለው ተጨመሩ። በዚህ ላይ ነው ለክርክሬ ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የሚነሣው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች አቡነ ጴጥሮስን አዲስ አበባ ላይ ረሸኗቸው፤ ለጠላት አልገዛም፣ አርበኞችንም አላወግዝም ብለው ነው። አቡነ ሚካኤልም ጎሬ ላይ ተገደሉ። እነዚህ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ነበሩ፤ ድምፃቸውም ከየትኛውም ግብፃዊ ጳጳስ ቃል ይልቅ በሕዝቡ ልብ ውስጥ ገብቷል። ታዲያ አገር በቀል ጳጳስ ጉልበት የለውም ማለት ስሕተት አይደለም ወይ? አይደለም፤ ምክንያቱም አቡነ ጴጥሮስ ያን ቀን በአዲስ አበባ ለነበረው ገዥ ታዛዥ አልነበሩም። ይልቁንም ጣሊያን በ1930 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ ለይቶ አቡነ አብርሃምን በላይዋ ሲሾም፣ የሕዝቡ እምነት ከመንበሩ ጋር አልሄደም። የዜግነቱ ነገር ሁለቱን አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ሿሚው ነው።

ከነጻነት በኋላ የቤተ ክርስቲያኒቱ ክብር እንደዚያ ከፍ ብሎ አያውቅም። እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ አቡነ ባስልዮስ ተብለው በ1940 ዓ.ም. ጳጳስ፣ በጥር 1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ፣ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። የእጨጌነቱና የጵጵስናው ሥልጣን በአንድ ሰው ላይ ተጠቃለለ። ይህ ፍትሕ ነበር፤ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት የራስን ጳጳስ ከሌላ አገር መለመን የማንም ክርስቲያን ሕዝብ ዕጣ ሊሆን አይገባውም። ግን በዚያው ጊዜ ምን እንደተለወጠም እንይ። በኅዳር 1935 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የቤተ ክርስቲያኒቱ መሬት ግብር እንዲከፈልበት፣ ፍርድ ቤቶቿም በመንፈሳዊ ጉዳይ ላይ ብቻ እንዲወሰኑ አደረገ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ ብሔራዊ ቤተ ክርስቲያን አደረጋት፤ የጳጳሳቱን ምርጫ ግን ንጉሠ ነገሥቱ እንዲያጸድቁት ደነገገ። ከሁለቱ ድንጋጌዎች ሁለተኛው ይበልጣል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር፣ አቡነ ባስልዮስ ዐመፀኞቹን አወገዙ፤ ቃላቸውም በአውሮፕላን በከተማዋ ላይ ተበተነ። ቃላቸው ረድቷል። ነገር ግን ከድሮው ጋር ሲነጻጸር የሠራው ተቃራኒውን ነው፤ የድሮው ጳጳስ ንጉሥ ያስጨንቅ ነበር፣ የአሁኑ ግን ንጉሥ ይጠብቅ ጀመር።

በመስከረም 1967 ዓ.ም. ዙፋኑ ሲወድቅ መንበሩም ወዲያው ተጋለጠ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያኒቱን ርስት ወሰደ። ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ከደርግ ፈቃድ ሳይጠይቁ ሦስት ጳጳሳት ሾሙ፤ በየካቲት 1968 ዓ.ም. ታሰሩ፣ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የሞታቸው ምክንያት እጅግ ጥንታዊ ነው፤ ጳጳስ የሚሾመው ማን ነው የሚለው ጥያቄ። ደርግ መልሱ የኔ ነው አለ፤ ከንጉሡ የወረሰውን ሥልጣን ነበር የጠየቀው። ከ1951 ዓ.ም. ወዲህ ከተሾሙት ስድስት ፓትርያርኮች ውስጥ ሁለቱ፣ አቡነ ቴዎፍሎስና አቡነ መርቆሬዎስ፣ በመንግሥት ለውጥ ማግሥት ከመንበራቸው ተነሥተዋል። አቡነ ማቴዎስ ግን ሦስት መንግሥት አሳልፈዋል።

ታዲያ ክርስትና ከፖለቲካችን ወጣ ማለት ነው? ወደ ሾላ ገበያ የሚወርድ ሰው እንዲህ አይልም። በዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ቅቤ፣ ዶሮና እንቁላል ፈላጊያቸው ይቀንሳል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ዘይት ይፈለጋሉ። ፋሲካ ሲቃረብ ገበያው ይገለበጣል፤ የከተማው አስተዳደርም ስለ በሬና እንቁላል አቅርቦት፣ ስለ ዋጋ ማረጋጋት መግለጫ ይሰጣል። ምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀን ይጾማሉ። ጾሙን ያወጀ አዋጅ የለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል። ይህ ልማድ እንጂ ፖለቲካ አይደለም የሚል ይኖራል። እኔ ግን የመንግሥት የዋጋ ፖሊሲ፣ የሥራ ቀንና የበዓል ቀን በዚህ ቀን መቁጠሪያ ተመርተው ሲሄዱ፣ ተጽዕኖው ከፖለቲካ ውጭ ነው ማለት አልችልም። ደርግ መሬቱን ሲወስድ ጾሙን ሊወስድ ያልቻለው ለዚሁ ነው፤ ጾሙን የሰጠው መንግሥት አልነበረምና። ከአብዮቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የተዘረጋው የሰበካ ጉባኤም ጉልቱ ሲጠፋ ቤተ ክርስቲያኒቱን አኖረ፤ የጉልት ገበሬ በሚገብረው ፈንታ የነጋዴውና የደመወዝተኛው መዋጮ የካህናቱ መተዳደሪያ ሆነ። በዚያው ገበያ ሙስሊሙ ነጋዴም አለ፣ የራሱ ጾምና በዓል አለው፤ መንግሥት የአንዱን ቀን አክብሮ የሌላውን ሊረሳ አይገባውም፤ የቦሩ ሜዳ ስሕተት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በጥር 2015 ዓ.ም. የሆነው ይህን ሁሉ በአንድነት አሳየ። ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶሱ ፈቃድ ውጭ ብዙ ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ፤ ሲኖዶሱ አወገዘ፤ መንግሥት በጉዳዩ ገባ የሚል ክስ ተነሣ፤ ሕይወትም ጠፋ። በጾመ ነነዌ ቀናት ምእመናን በሲኖዶሱ ጥሪ ጥቁር ለብሰው ወጡ፤ ሰላማዊ ሰልፍም ተጠራ። ሰልፉ ሳይደረግ ንግግር ተጀመረ፤ በየካቲት ወር ስምምነት ላይ ተደረሰ። ሦስቱ ሊቃነ ጳጳሳት ያነሡት የአፍ መፍቻ ቋንቋ አገልግሎት ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ዘግይታበታለች። ግን ለድርድሩ ጉልበት የሰጠው የሕገ መንግሥት አንቀጽ ወይም የመንግሥት ድጋፍ አልነበረም። ጥቁሩን የለበሰውን ሰው ያስገደደው ማንም አልነበረም፤ ደመወዙም ጉልቱም ከቤተ ክርስቲያን አይመጣም። ሲኖዶሱ ዛሬ ጳጳሳቱን ራሱ ይመርጣል፤ ንጉሠ ነገሥት አያጸድቅም፣ እስክንድርያም አትልክም። የቀረው ጥያቄ በየክልሉ ያሉ የፖለቲካ ኃይሎች በምርጫው ላይ እጃቸውን እንዳያስገቡ ሲኖዶሱ ምን ዓይነት የምርጫ ሥርዓት ያቆማል የሚለው ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ አራቱን ጳጳሳት በየክፍለ ሀገሩ ሲበትኑ የሆነውን የሚያውቅ ሰው ጥያቄውን ቀላል አድርጎ አያየውም።